4,294,967,297ን በእጃችን ስንበትን

ሐምሌ 12 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ማታ

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሳ ክረምቱን እኛ ጋ ጎንደር ነው የምታሳልፈው። ፕሮግራም መጻፍ ጀምራለች። ዛሬ ከሰዓት ቡናው እየተፈላ ሳለ መጥታ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። አንድ ቁጥር ጽፋበታለች፦ 4,294,967,295።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እዚህ ሲደርስ ይቆማል። አንድ ስጨምርበት ዜሮ ይለኛል። ለምን እዚህ ላይ?»

ቁጥሩ የሚቀመጠው 32 ቦታ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው አልኳት። እያንዳንዱ ቦታ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ይይዛል። የመጀመሪያው ቦታ ሁለት አማራጭ አለው፣ ሁለተኛው ሲጨመር አራት፣ ሦስተኛው ስምንት። ሠላሳ ሁለት ጊዜ እጥፍ ሲሆን 4,294,967,296 ይደርሳል። ከዜሮ ስለሚጀመር የመጨረሻው ከዚያ በአንድ ያነሰ ነው። የድሮዎቹ የኢንተርኔት አድራሻዎችም ብዛታቸው ይኸው ነው፤ እነሱም 32 ቦታ ነው ያላቸው። ቶሎ ገባት።

ከዚያ እኔ ነገር ጨመርኩ። ከቁጥሯ አጠገብ ሁለት የምትበልጠውን ጻፍኩላት፦ 4,294,967,297።

ይቺ ቁጥር ታሪክ አላት። ፒየር ደ ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን። ሒሳብን የሚሠራው በትርፍ ሰዓቱ ነው። አንድ የቁጥሮች መስመር ትኩረቱን ሳበው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። ሁለትን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ እያባዛህ አንድ ስትጨምር የሚመጡ ናቸው። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም። ፌርማ ቀጣዩም፣ ከዚያ ያለውም፣ ሁሉም ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ቀጣዩ ይቺ የኛዋ ናት። በ1732 እ.ኤ.አ. ሊዮናርድ ኦይለር የሚባል የስዊዘርላንድ የሒሳብ ሊቅ አካፋይ አገኘላት።

ይህን ድሮ አንብቤዋለሁ። አካፋዩ ስንት እንደሆነ ግን ረስቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ስልኳን ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኳት። በእጃችን እንፈልገው አልኳት። እሷም ወደደችው።

ሕግ አወጣን። ስልክ የለም፣ ካልኩሌተር የለም። ሁለት ነገር ካገኘን ሥራው አለቀ፦ አንደኛ ቁጥሩን ወደ አካፋዮቹ መበተን፣ ሁለተኛ የተበተኑት ቁራጮች ዳግም እንደማይበተኑ ማረጋገጥ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል ብዬ እገምታለሁ።

ለሙከራ የሷን ቁጥር ቀድመን ሞከርን። የሚገርመው ያቺ ወዲያው ፈረሰች። 4,294,967,296 ማለት 65,536 በራሱ ሲባዛ ነው። ከራሱ ጋር ከተባዛ ቁጥር ላይ አንድ ስትቀንስ፣ ውጤቱ አንድ ታች ያለው በአንድ ላይ ባለው የተባዛ ነው። ስለዚህ 65,535 ሲባዛ በ65,537። 65,535 ደግሞ በዚያው ዘዴ 255 ሲባዛ በ257። 255 ደግሞ 15 ሲባዛ በ17። 15 ሦስትና አምስት። እንግዲህ የኮምፒውተሯ ቁጥር 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ነው። የፌርማ አምስት ብቸኞች ተሰብስበው አንድ ቤት ተቀምጠዋል! ሁለት ቤት ከፍ ብላ ያለችው የኛዋ ግን ቀላል ቀዳዳ የላትም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትልቅ ወረቀት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከ2 ጀምረን እጥፍ እያደረግን ወደ ታች መጻፍ። መስመር 1፦ 2። መስመር 2፦ 4። እስከ መስመር 32። ኮምፒውተሩ ያለውን ማመን አልፈለግንም፤ ራሳችን እንድረስበት ነው።

እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እደምራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ እውነትም መጮህ ነበረብኝ። መስመር 31 ላይ ትንሽ ቆመን ነበር። የዚህ መስመር ትክክለኛ ቁጥር 2,147,483,648 ነው፤ የኛ ስህተት ገና አልታወቀንም። ከዚህ ላይ አንድ ብትቀንሺ ብቸኛ ቁጥር ነው አልኳት፤ ያንንም በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ይኸው ኦይለር ነው።

መስመር 32 ላይ ስንደርስ ግድግዳው 4,293,687,296 ይላል። ኮምፒውተሩ ያለው 4,294,967,296። ሰባት መስመር ወደ ኋላ የሆነ ስህተት መሆኑን ያወቅነው ግን ከብዙ ፍለጋ በኋላ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ባንድ ደቂቃ ደረሰችበት። የሁለቱን ልዩነት ወሰደች፦ 1,280,000። «ስህተቱም አብሮ እጥፍ እየሆነ ነው የመጣው» አለችና ወደ ኋላ እያካፈለች ሄደች። 640,000፣ 320,000፣ 160,000፣ 80,000፣ 40,000፣ 20,000፣ 10,000። ሰባት ጊዜ። ስለዚህ መስመር 25 ላይ አሥር ሺህ ጎድሏል።

እኔ በበኩሌ የሥራ ቤቴን ዘዴ አወጣሁ። ቀን የምሠራው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ረጅም ድምር ስንፈትሽ አሃዞቹን ደምረን ዘጠኝ ዘጠኙን እንጥላለን። እጥፍ እየሆነ የሚሄድ ቁጥር ዘጠኝ ዘጠኙ ሲጣል 2፣ 4፣ 8፣ 7፣ 5፣ 1 እያለ ይመላለሳል። መስመር 24፣ 16,777,216፦ አሃዞቹ 37፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። ትክክል። መስመር 25 ላይ 2 መምጣት ነበረበት። የኛ 33,544,432 ግን 28፣ 10፣ 1 ይላል። ተያዘ። ሰባትን ከሰባት ስደምር በእጅ የያዝኳትን አንድ ሳልጨምር ቀርቻለሁ። ትክክለኛው 33,554,432 ነው።

ከመስመር 25 ጀምሮ ያለውን በቀይ እርሳስ አስተካከልን። አንዲት የተረሳች አንድ ሰባት እርምጃ ብቻ ተጉዛ ሚሊዮን ማለፏን ሳይ ለመዝገብ ሥራዬም ልብ አልኩ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ ማታ

መብራት ስለሌለ በሻማ ነው።

ዛሬ በሽምብራ ጀመርን። ብቸኛ ቁጥር ምን እንደሆነ በቃል ታውቃለች፤ በእጇ ግን እንድታየው ፈለግሁ። አሥራ አምስት ፍሬ ሦስት ረድፍ በአምስት ይሰለፋል። አሥራ ሰባት ፍሬ ግን እንዴትም ብታደርገው እኩል ረድፍ አይሠራም። ሁሌም የሚተርፍ ወይ የሚጎድል አለ። 257 ፍሬ ቆጥረን ሞከርን፤ እስከ 16 ረድፍ ድረስ እየሞከርን አንዴም እኩል አልመጣም፤ 16 ረድፍ በ16 ሆኖ እንኳ አንዲት ፍሬ ተረፈች። ከ16 በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ ረድፉ ከበዛ ቁመቱ ያንሳልና ያው የተሞከረ ነው።

በዚህ አያያዝ የኛን ቁጥር ለመፈተሽ እስከ 65,536 መሄድ አለብን። ከዚያ በታች ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው።

ያም ሆኖ ጀመርን። በ2 እንደማይካፈል ግልጽ ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ናቸው፤ በ3 ሲካፈል 2 ይተርፋል። በ5፣ 2 ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ማካፈል ነው። በ7፣ ቀሪ 5። በ11፣ ቀሪ 5። በ13፣ ቀሪ 10። በ17፣ ቀሪ 2። በ19፣ ቀሪ 7። በ23፣ ቀሪ 13። እዚህ ላይ ሻማው አለቀ።

አንዱ ማካፈል አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 6,542 ጊዜ አምስት ደቂቃ ከ545 ሰዓት ይበልጣል። በየማታው ሦስት ሰዓት ብንሠራ ግማሽ ዓመት ነው። እሷ መስከረም ላይ ትሄዳለች።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ዛሬ መንገዱ ተከፈተ። የከፈቱት ጎረቤታችን የኔታ ናቸው።

የኔታ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ያስተምራሉ። ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ አብረን ወደ ቤት ወጣን፤ ቁርስ ቀርቦ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። ምንድነው አሉ። ነገርኳቸው። ቁጥሩን በግዕዝ ጻፉልን አልኳቸው፤ እርሳሱን ተቀብለው ምንም ሳያስቡ ጻፉት፦ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯። የእህቴ ልጅ ዓይኗን አላመነችም። አሥሩ አሃዝ አምስት ጥንድ ሆኖ ተቀመጠ፦ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 97። በመካከላቸው ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ ነው የምታካፍሉት?» አሉ።

«ሌላ ምን እናድርግ የኔታ?» አልኳቸው።

«እኛማ ሸክሙን እንገድፋለን።»

የዘንድሮውን አበቅቴ አሰሉልን። ዓመተ ዓለሙ 5,500 እና 2,017 ተደምሮ 7,517 ነው። በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም 19 19ኙ ሲጣል፣ 12 ይተርፋል። አንዱ ይተውና 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1። አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29። መጥቅዑ 29 ነው። ሁለቱ ተደምረው 30። ከዚህ ተነሥተው ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፋሲካን ያወጣሉ።

እኔ ይህን ስሌት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ሰማሁበት። 7,517 ከመጀመሪያው መስመር በኋላ የት አለ? የለም። የኔታ ትልቁን ቁጥር አንዴ ገድፈውት ቀሪውን ብቻ ይዘው ሄዱ። የሚባዛው ቀሪው ነው፣ የሚደመረው ቀሪው ነው። መልሱ ግን ያው ትክክለኛው መልስ ነው።

እኛ ደግሞ በየማካፈሉ አሥሩንም አሃዝ ስንጎትት ነበር። ቁጥራችን የተሠራው በእጥፍ ነው። ታዲያ እጥፍ እያደረግን በየመንገዱ ብንገድፈውስ?

ወዲያው በ7 ሞከርነው። 2፣ 4፣ ከዚያ 8 ሲገደፍ 1። እንደገና 2፣ 4፣ 1። በሦስት ይመላለሳል። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ 4 ነው። አንድ ሲጨመር 5። ረቡዕ ዕለት በሻማ አምስት ደቂቃ የፈጀብን ቀሪ አሁን በቃል ወጣ። የእህቴ ልጅ ከደስታዋ ብዛት እንጀራውን ትታ ተነሣች።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

መግደፉ እያንዳንዱን ሙከራ ያሳጥራል። ሙከራዎቹ ግን አሁንም ሺዎች ናቸው። የትኞቹን መሞከር እንዳለብን የሚለይ ወንፊት ያስፈልጋል። ዛሬ እሱን ነው ያገኘነው፤ ለኔ ከሥራው ሁሉ የበለጠው ይህ ነው።

ከ1 እስከ 16 የተጻፈባቸው 16 የወረቀት ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ በተንን። ቁጥሩ 17 ይሁን። ከ1 ተነሥተን እጥፍ እያደረግን በ17 እንገድፋለን። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ቀጥሎ 32 በ17 ሲገደፍ 15። ከዚያ 13፣ ከዚያ 9። ቀጥሎ 18 ሲገደፍ 1፤ ተመልሰን መነሻችን። ስምንት ቁራጮች ክብ ሠሩ። ስምንት ቀሩ። ከቀሩት አንዱን፣ 3ን አነሣን። 3፣ 6፣ 12፣ 7፣ 14፣ 11፣ 5፣ 10፣ ተመልሶ 3። እሱም ስምንት። አሥራ ስድስቱ ቁራጭ ሁለት እኩል ክብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የተረፈ የለም።

የኔታ ማታ ብቅ ብለው አዩት። «ይህማ ዐውድ ነው» አሉ። ዐውደ ዕለት በሰባት፣ ዐውደ ፀሐይ በ28፣ ዐውደ አበቅቴ በ19፣ ዐውደ ማኅተም በ76፣ ዐቢይ ቀመር በ532። ትንንሾቹ ዐውዶች ትልቁን ሳያዛንፉ ይሞሉታል፤ 28 ጊዜ 19 እኮ 532 ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ ክቡን ዐውድ ነው የምንለው። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ቁጥራችን። የሆነ ብቸኛ ቁጥር 4,294,967,297ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። መስመር 32ን በሱ ስንገድፍ ምን ይተርፋል? አንድ ሲጨመርበት ሙሉ የሚሆን፣ ማለትም ለመሙላት አንድ የጎደለው። አንድ የጎደለው ማለት ከዜሮ አንድ ታች ነው፤ በራሱ ሲባዛ 1 ይሆናል። መስመር 64 ደግሞ መስመር 32 በራሱ ሲባዛ ነው። እንግዲህ መስመር 64 ላይ ወደ 1 እንመለሳለን። ዐውዱ በ64 ተዘጋ።

ቀደም ብሎ ሊዘጋ አይችልም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አከራከረን። ቀደም ብሎ ቢዘጋ ርዝመቱ 64ን እኩል የሚከፍል መሆን አለበት፦ 32 ወይ 16 ወይ 8 እያለ የሚወርድ። እነዚህ ሁሉ 32ንም እኩል ይከፍላሉ። ያ ቢሆን መስመር 32 ላይ 1 እንቆም ነበር። የቆምነው ግን አንድ በጎደለው ላይ ነው። ስለዚህ ዐውዱ ልክ 64 ነው።

ቀሪዎቹ ሁሉ ደግሞ እንደ አሥራ ስድስቱ ቁራጭ በእኩል ዐውድ ይከፈላሉ። ዐውዱ 64 ከሆነ፣ ከአካፋዩ አንድ ሲቀነስ የግድ በ64 ይካፈላል። ሌላ ምርጫ የለም።

የምንፈልገው አካፋይ 64 እየተጨመረ፣ በመጨረሻ አንድ ብቻ የሚተርፍበት ቁጥር ነው። 7፣ 11፣ 13፣ 19፣ 23 ድሮም ቦታ አልነበራቸውም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ገብቷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቀኑን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቀዝቀዝ ሲል ተቀመጥን።

ዝርዝሩን ጻፈች፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641... ብቸኛ ያልሆኑትን ሰረዝን። ቀሩን 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641፣ ወደ ላይም ይቀጥላል።

አሠራሩንም አሳጠርነው። ሠላሳ ሁለት ጊዜ እጥፍ ከማድረግ፣ በራሱ ማባዛት ይሻላል። 2፣ 4፣ 16፣ 256፤ እነዚህ መስመር 1፣ 2፣ 4፣ 8 ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ በራሱ ማባዛት ይቀራል፤ መስመር 16 እና መስመር 32።

193። 256 ሲገደፍ 63። 63 በራሱ 3,969፤ ሲገደፍ 109። 109 በራሱ 11,881፤ ሲገደፍ 108። አንድ ሲጨመር 109። አይደለም።

257። 256 አንድ የጎደለው ነው። በራሱ ሲባዛ 1፣ እንደገና 1። አንድ ሲጨመር 2። አይደለም።

449። 65,536 ሲገደፍ 431፣ ማለትም 18 የጎደለው። 18 በራሱ 324። አንድ ሲጨመር 325። አይደለም።

577። 65,536 ሲገደፍ 335። በራሱ 112,225፤ ሲገደፍ 287። 288። አይደለም።

641። 65,536 ሲገደፍ 154። 641 ጊዜ 102 65,382 ነው። 154 በራሱ 23,716። 641 ጊዜ 36 23,076። ስትቀንስ እጇ ቆመ። 640።

«ጋሼ፣ አንድ የጎደለው ነው።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ስሌቱን እንደገና ከላይ ሠራነው። ያው 640። አንድ ሲጨመር 641። ተካፈለ።

ለማመን ረጅሙን ማካፈል አንዴ ሙሉውን ሠራነው፤ ይህን ጊዜ አሥሩንም አሃዝ ተሸክመን። ቀሪ ዜሮ፣ ድርሻ 6,700,417። ወደ ኋላ አባዛነው፦ በ600 4,020,250,200፣ በ40 268,016,680፣ በ1 6,700,417። ድምሩ 4,294,967,297።

641 ከትንሹ ሲቆጠር 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። ያለ ዐውዱ 116ኛው ሙከራችን ይሆን ነበር። በዐውዱ አምስተኛው ሆነ። ኦይለርም የሄደው በዚሁ የ64 ወንፊት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያየችው እሷ ናት። በ3፣ በ5፣ በ17፣ በ257 ስናካፍል ሁልጊዜ 2 ነበር የሚተርፈው። እኔ በአጋጣሚ መስሎኝ አልፌው ነበር። እነዚህ የኮምፒውተሯ ቁጥር ቁራጮች ናቸው። የኛዋ ያቺን በሁለት ትበልጣለች። እንግዲህ 2 ካልተረፈ ነበር የሚገርመው። በ65,537ም ቢሆን 2 ነው፤ ሳናካፍል አወቅነው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

አጭር። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀት ይዛ መጣች። 641 ሁለት ገጽ አለው አለችኝ። ባንድ በኩል 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው። በሌላ በኩል 625 ሲደመር 16፣ ማለትም አምስት አራት ጊዜ ተባዝቶ፣ ሁለት አራት ጊዜ ተባዝቶ ሲደመሩ። ከመጀመሪያው፣ 640 አንድ የጎደለው ስለሆነ አራት ጊዜ ሲባዛ 1 ይሆናል። ያ ማለት 625 ሲባዛ በመስመር 28። ከሁለተኛው፣ በ625 ቦታ «16 የጎደለው» ማስገባት ይቻላል። 16 ሲባዛ በመስመር 28 መስመር 32 ነው። ስለዚህ የመስመር 32 ጉድለት 1 ነው። አለቀ። አንድም ማካፈል የለበትም። በሒሳብ የሚወዱት ይህን ማረጋገጫ በደንብ ያውቁታል፤ እሷ ግን ራሷ ደረሰችበት። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ እንድትጽፈው አደረግሁ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ግብ፦ 6,700,417 ይበተናል ወይ?

ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። የወረደልን ግን ሐምሌ 23 ላይ በሠራነው ነው። የ6,700,417 አካፋይ ሁሉ የትልቋ ቁጥር አካፋይ ነው። ስለዚህ በዚያው በ64 ወንፊት ያልፋል። መፈተሽ ያለብንም እስከ 2,588 ብቻ ነው፤ 2,589 በራሱ ሲባዛ ይበልጠዋል።

በዚያ ውስጥ ያሉት 40 ናቸው። አብዛኞቹ ብቸኛ አይደሉም። 833 በ7፣ 961 31 በራሱ። 1,729 ላይ ስንደርስ ቆምኩ፤ የህንዱ የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን የሚወሳበት ቁጥር ነው፣ በሁለት መንገድ የሁለት ኩቦች ድምር የሚሆን። አንድና 12፣ ዘጠኝና 10። እሱም ግን 7 × 13 × 19 ስለሆነ ተሰረዘ።

193፣ 257፣ 449 እና 577 ትልቋን እንደማያካፍሉ አይተናል። የቀሩት ሰባት ብቻ ናቸው። ተራ በተራ ሠራን፣ እኔ አንዱን እሷ አንዱን፣ ከዚያ ተለዋውጠን አረምን።

በ641፣ ቀሪ 44። በ769፣ 120። በ1,153፣ 334። በ1,217 እኔ 732 አልኩ፣ እሷ 832፤ የሷ ነው ትክክል። በ1,409፣ 622። በ1,601፣ 232። በ2,113፣ 94።

ዜሮ የለም። 6,700,417 ብቸኛ ነው። 641ም ብቸኛ ነው። ቁጥራችን ከሁለት ቁራጭ በቀር የላትም።

የኔታን ጠርተን በግዕዝ እንዲጽፉልን ለመንን። ፮፻፵፩ በ፮፻፸፼፬፻፲፯። ሁለተኛው ላይ አሥር ሺህን የያዘችው ፼ ዜሮዎቹን ሁሉ ዋጠቻቸው፤ በኛ አጻጻፍ ሁለት ዜሮ ያለው ቦታ እሳቸው ጋ የለም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ቤቱ ሽሮና ጎመን ከሚሸትበት ዶሮ ወደሚሸትበት ዞሯል።

ወረቀቱን ከግድግዳው ላነሣው ስል ከለከለችኝ። ጎኑ ላይ አዲስ ጀምራለች። መስመር 64 ሲደመር 1፦ 18,446,744,073,709,551,617። ሃያ አሃዝ። የፌርማ መስመር ሰባተኛው ቁጥር። ይህን በ1880 እ.ኤ.አ. ፎርቹኔ ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ በትኖታል፤ የመጀመሪያው ቁራጭ 274,177 ነው። ይቺን አስታውሳታለሁ፣ ግን አልነግራትም። ዐውዱ አሁን 128 ይሆናል። 257፣ 641፣ 769 ብላ መጻፍ ጀምራለች። 641 ላይ «በፊት የሠራነውን 640 አንድ ጊዜ በራሱ» ብላ 1 አገኘች፤ አንድ ጨምራ 2 ጻፈች።

አሁን 769 ላይ ናት። 65,536ን ገድፋ 171 አግኝታ በራሱ እያባዛች ነው።